ሁለተኛ ዓይን ያላያቸው እናቶች

በሐር ትል ጣቢያው ሃያ ስድስት ዓመት የሠራችውን ሴት በስሟ የሚጠራት አልነበረም። አለቃውም፣ ዘበኛውም፣ ቅጠል የሚያመጣው ጋሪ ነጂም ዓይናማዋ ነበር የሚሏት። ስሙን ያወጣላት የመጀመሪያው አለቃ ነው፤ እሱ ከሞተ ቆይቷል። አንድ ቀን ሦስት ሠራተኞች ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍተው ያጡትን በሽታ እሷ ቆማ፣ የሻይ ብርጭቆዋን እንኳ ሳታስቀምጥ፣ አንዴ ጎንበስ ብላ አገኘችው። «ይቺማ ዓይናማ ናት!» አለ ሰውዬው። በዚያው ጸደቀ።

ሥራዋን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ትንሽ ያስቸግራል። የሐር ትል ዕድሜው አጭር ነው። ከእንቁላል ሲወጣ ጉንዳን የመሰለ፣ ጥቁርና ጠጉራም ነገር ነው። የእንጆሪ ዛፍ ቅጠል ይበላል፣ ይተኛል፣ ቆዳውን ገፎ ይነሳል፣ ደግሞ ይበላል። እንዲህ እያለ አራት ጊዜ ይተኛል። ከአራተኛው እንቅልፍ በኋላ ነጭ ሆኖ የሰው ጣት ያህላል፤ ያኔ አንድ ክፍል ሙሉ ትል ሲበላ ለሰማው ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ነው። ከዚያ ምግብ ይተዋል፤ ራሱን ቀና አድርጎ እያወዛወዘ ከአፉ በሚያወጣው አንድ ክር በዙሪያው ጎጆ ይሠራና እዚያ ውስጥ ሙሽሬ የሚሉት የማይንቀሳቀስ ነገር ይሆናል። ለክር የተፈለገው ጎጆ የፈላ ውሃ ውስጥ ይገባል፤ የሙሽሬው ነገር በዚያው ያበቃል። ቢራቢሮ ሆኖ የሚወጣው ለዘር የተመረጠው ብቻ ነው። እሱም ቢሆን አይበላም፣ አይጠጣም፤ ክንፍ አለው፣ አይበርም። ሴቷ ከወንዱ ጋር ተገናኝታ አራት መቶ፣ አምስት መቶ እንቁላል ትጥልና በጥቂት ቀን ውስጥ ትሞታለች።

የዓይናማዋ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነበር። እያንዳንዷ እናት ለብቻዋ በአንድ ወረቀት ላይ ትቀመጣለች፤ ኩባያ ይደፋባታል። እንቁላሏን እወረቀቱ ላይ ከጣለች በኋላ ዓይናማዋ ገላዋን በትንሽዬ ነጭ ሙቀጫ ወቅጣ፣ አንድ ጠብታ ስስ መስታወት ላይ አድርጋ በማይክሮስኮፕ ታያታለች። የምትፈልገው ቁንዶ የሚሉትን በሽታ ነው። የያዘው ትል ገላው ላይ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት ስለሚመስል ነው እንዲህ የተባለው። ክፋቱ ከእናት ወደ እንቁላል መውረዱ ነው። ከአንዲት የታመመች እናት የተወለዱ ትሎች የአንድ ቤት ትል በሙሉ ይዘው ይሄዳሉ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን በርበሬም አይመስል፤ ሞላላ የሆነች፣ የምታበራ፣ ከሩዝ ፍሬ ብዙ ሺህ ጊዜ የምታንስ ነጥብ ናት። እሷ ከታየች ወረቀቱ ከነእንቁላሉ እሳት ውስጥ ይገባል።

አንድ የማይጣስ ደንብ ነበር። ዓይናማዋ ንጹህ ያለችውን ሁሉ ሌላ ሰው ደግሞ ማየት አለበት። በእያንዳንዱ ወረቀት ጥግ ላይ ለሁለት ፊርማ የሚሆን ቦታ አለ። የሁለተኛው ፊርማ ባለቤት ቀጭን፣ ትከሻው የጎበጠ፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰውዬ ነው። ሁለቴ ይሉታል። ሁሉንም ነገር ሁለት ጊዜ ያያል፤ የሚናገረውንም ሁለት ጊዜ ይናገራል።

«ደህና አደርሽ ዓይናማዋ? ደህና አደርሽ?»

«አንዱን ለምሳ አስቀምጠው» ትለዋለች።

እንዲህ እየተባባሉ አሥራ አንድ ዓመት ጎን ለጎን ተቀመጡ።

ባለፈው ዓመት የዓይናማዋ ዓይን እየደበዘዘ መጣ። መጀመሪያ መስኮቱን ጠረጠረችው፤ ጠረገችው። ከዚያ ማይክሮስኮፑን፤ እሱንም ወለወለችው። በመጨረሻ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ አንዱን ዓይኗን፣ ከዚያም ሌላውን ብትሸፍን፣ ጉሙ ያለው መስታወቱ ላይ አለመሆኑን አወቀች። ሞራ ነበር፤ እናቷንም ከመሞቷ በፊት የያዛት እሱ ነው። ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ምን ትበል? የተከራየቻት አንዲት ክፍል አለቻት፣ አልጋ አለቻት፣ ያ ስም አላት። ሌላ ነገር የላትም። ደግሞም ሁለቴ ወረቀቶቿን እየተቀበለ ፈርሞ ያሳልፋል፤ አንድም ቀን «ይቺን ስተሻል» ብሏት አያውቅም። ከጣቢያው ዘር ከሚወስዱት አርቢዎችም ትል አለቀብኝ የሚል አቤቱታ አልመጣም። እንግዲያውስ ዓይኔ ለዚህ ለዚህ አያንስም ብላ ራሷን አሳመነች።

ዓይናማዋ ታናሽ እህት አለቻት። አርባ አራት ዓመቷ ነው፤ ዛሬም ግን ሚጢ ነው የምትላት። እናታቸው ስትሞት ሚጢ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር፤ ያሳደገቻት እሷ ናት። ሚጢ ልብስ ፋብሪካ ስትሰፋ ኖረች፤ ፋብሪካው ተዘጋ። ሁለት ልጆች ወልዳ ሁለቱም ለመዳህ ሳይደርሱ ሞቱባት። ባሏ ጓዙን ጠቅልሎ ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ አንድ ነገር ተናገረ፤ «አንቺ እጅ ላይ ምን ነገር አድጎ ያውቃል?»

ባልየው ሄደ፤ ቃሉ ግን ቤቱን አልለቀቀም። ሚጢ ዶሮ አርብታ በፈንግል ሲያልቁባት «ይኸው እጄ» አለች። ጎረቤት ሕፃን እንድትይዝላት ብትሰጣት እጇን ወደ ኋላ ደበቀች። አበባ ውሃ ማጠጣት እንኳ ፈራች።

«የሐር ትል አርቢ» አለቻት ዓይናማዋ አንድ እሑድ። «ግቢሽ ዙሪያውን እንጆሪ ነው። ቅጠሉ ዝም ብሎ ይረግፋል።»

«እኔ? ትሉ ምን በደለሽ እትዬ?»

«ቀልዴን አይደለም። ትል የሚፈልገው ንጹህ እጅ ነው። እንዳንቺ ያለ ንጹህ እጅ ደግሞ በዕድሜዬ አላየሁም።»

ሚጢ እጆቿን አገላብጣ አየቻቸው። «ከሞቱብኝስ?»

«አይሞቱም። ዘሩን ራሴ ነኝ አይቼ የማመጣልሽ። በሞቴ፣ በእኔ ዓይን ያላለፈች አንዲት እንቁላል እዚህ ቤት አትገባም።»

ነገሩ ሁሉ የተበላሸው በዚህች ቃል ነው።

ለሚጢ የሚሆኑትን ሃያ እናቶች ስታይ ቅዳሜ ነበር። ጣቢያው እስከ ስድስት ሰዓት ብቻ ነው የሚሠራው። ሁለቴ ጥርሱን አሞት በጠዋት ወጥቷል። ዓይናማዋ ከሁሉም ትልልቆቹን፣ እንቁላላቸውን ደርድረው የጣሉትን መርጣ እየወቀጠች አየች። አንዷ ላይ ቆም አለች፤ ቁጥሯ አሥራ አራት ነው። ጥግ ላይ የሆነ ነገር ብልጭ ያለባት መሰላት፤ የማይክሮስኮፑን ብሎን ብታጠብቅ ጠፋ፣ ብታላላው ጠፋ። ዓይኗን አሸት አድርጋ ብታየው ጉም ብቻ። «የአየር አረፋ ነው» አለችና አለፈች።

እስከ ሰኞ መቆየት ይቻል ነበር። እንቁላሉ የትም አይሄድም። ግን ለእህቷ በገዛ ዓይኗ ልታደርገው ቃል ገብታለች። እውነቱን ለመናገር ደግሞ፣ ሁለቴ ከሃያዎቹ አንዷን አንስቶ «ይቺስ?» እንዳይላት ፈርታለች። ሌላ ጊዜ ቢላት ትችለው ይሆናል፤ በሚጢ ወረቀት ላይ ግን አትችለውም። እስክሪብቶ አነሳችና በሁለቱም የፊርማ ቦታ ላይ ራሷ ፈረመች። በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ ይህን ስታደርግ የመጀመሪያዋ ነው። ሃያውን ወረቀት በንጹህ ነጠላ ጠቅልላ፣ አውቶቡስ ላይ ጭኗ ላይ እንዳስቀመጠች ይዛላት ሄደች።

በአሥራ አንደኛው ቀን ተፈለፈሉ። ሚጢ በጎረቤት ስልክ ጣቢያው ድረስ ደወለች።

«እትዬ! ወጡ! ሁሉም ወጡ! እንደ ሻይ ቅጠል፣ አይደለም፣ እንደ… እንጃ፣ ይንቀሳቀሳሉ!»

«በላባ አውርጃቸው፤ በእጅሽ እንዳትነኪያቸው።»

«ቅጠሉን እንደ ፀጉር አድርጌ ከትፌላቸዋለሁ። እየበሉ እኮ ነው! ሲበሉ አየኋቸው!»

ዓይናማዋ ስልኩን ዘግታ ግድግዳው ላይ ተደግፋ ቆመች። የእህቷን ሳቅ ከሰማች ስንት ዓመቷ ነው?

ሚጢ ለትሎቹ ስትል ኑሮዋን ገለበጠችው። ትል ሽታ አይወድም ሲሏት ሽንኩርት ማቁላላት ተወች፣ ቅባት መቀባት ተወች፣ ጎረቤቷን «ሲጋራህን እዚያ ማዶ አጭስ» ብላ ተጣላች። መኝታ ክፍሏን ለትሎቹ ለቃ እሷ ኩሽና ውስጥ ተኛች። ከክፍሉ በር ላይ የኖራ ውሃ በባልዲ አስቀመጠች፤ በገባች በወጣች ቁጥር እጇን እስከ ክርኗ ትታጠባለች። ቅጠሉን ጤዛው ሳይደርቅ አትቆርጥም፤ አንድ በአንድ በጨርቅ ትጠርገዋለች። የመጀመሪያውን እንቅልፍ ተኝተው ሲነሱ ጎረቤቶቿን ጠርታ አሳየች። ሁለተኛውንም አለፉ። ዓይናማዋ በየእሑዱ ትመጣለች፤ ሁለቱ እህትማማቾች በሩ ላይ ቆመው ትሎቹ ሲበሉ ድምፁን ያዳምጣሉ።

«ይሰማሻል?» ትላለች ሚጢ በሹክሹክታ።

«ይሰማኛል።»

«እያደጉ ነው እኮ እትዬ። በእጄ ላይ እያደጉ ነው።»

በሦስተኛው እንቅልፍ ላይ ግን ነገር ተለወጠ። ትል እኩል ከተወለደ እኩል ይተኛል፣ እኩል ይነሳል። የሚጢ ትሎች ግማሹ ተነስቶ ሲበላ ግማሹ እንደተኛ ቀረ። ከተነሱትም አንዳንዶቹ ከወንድሞቻቸው በግማሽ አንሰው ታዩ።

«ቅጠሉ እርጥብ ነበር ይሆን?» አለች ሚጢ። «ማክሰኞ ዕለት ቸኩዬ ነበር። አዎ፣ ቸኩዬ ነበር።»

ዓይናማዋ ትሎቹ ያሉበት ሰፌድ ላይ ጎንበስ አለች። የሚታያት ነጭ ነገር ነው፤ ነጭ ነገር ይንቀሳቀሳል። «ይደርሱበታል» አለች። ሆዷ ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ቁጥር አሥራ አራት፣ ቁጥር አሥራ አራት ይላት ጀመር።

በአራተኛው እንቅልፍ ከአራቱ አንዱ ብቻ ተነሳ። ሚጢ በሚቀጥለው እሑድ በር ላይ ጠበቀቻት። ፊቷ ጠቁሯል። ኖራው ጣቶቿን ሰነጣጥቆ አድምቷቸዋል።

«አቧራ ነካቸው መሰለኝ» አለች። «ጥቁር ጥቁር ነገር ገላቸው ላይ አለ። በላባ ብጠርገው አይለቅም። ነይ እይልኝ እትዬ።»

ዓይናማዋ አላየችም። ማየትም አላስፈለጋትም። አንድ የሞተ ትል ክብሪት ቀፎ ውስጥ ከታ በማግስቱ ጠዋት ጣቢያ ይዛ ገባች፤ ወቀጠችው፣ መስታወት ላይ አደረገችው፣ ማይክሮስኮፑን ለሁለቴ ገፋችለት።

«ከየት ነው?»

«እይና ንገረኝ።»

ሁለቴ አየ። ቀና አለና ደግሞ አየ። ሁሉን ሁለት ጊዜ የሚያየው ሰው ሦስተኛ ጊዜ ጎንበስ አለ።

«ንገረኝ እንጂ!»

«ጢም ብሏል» አለ በመጨረሻ። «ባዶ ቦታ የለውም። ከማን ቤት ነው?»

«ከእህቴ።»

«የእህትሽ ወረቀት መቼ በእኔ በኩል አለፈ?»

«አላለፈም። ሁለቱንም ቦታ እኔ ነኝ የፈረምኩት።»

ሁለቴ መነጽሩን አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ነው ዓይናማዋን የገደላት። ዓይኑን ከወለሉ ሳያነሳ፣ «እኔን ብታሳዪኝ ኖሮ አወጣት ነበር» አለ። «እንደ ሌሎቹ አወጣት ነበር።»

«እንደ የትኞቹ ሌሎቹ?»

ሁለቴ መነጽሩን አንስቶ በሸሚዙ ጫፍ ይጠርግ ጀመር።

«አንተ ሰውዬ፣ እንደ የትኞቹ ሌሎቹ?»

«ካቻምና መጨረሻ ላይ ነው የጀመረው። አንዳንድ ያልታየሽን አገኝ ነበር። በወር ሁለት፣ ሦስት። ኋላ ኋላ በሳምንት። ዝም ብዬ አቃጥለው ነበር። ቁጥሩን አስተካክለው ነበር።»

«እና አልነገርከኝም?»

«ምን ብዬ? ዓይናማዋ ዓይንሽ ጠፋ ልበልሽ? ስምሽን ልቀማሽ?» ማይክሮስኮፑን ወደ ጥግ ገፋው። «አብሬሽ እያለሁ ማንም አይጎዳም ብዬ ነው። እኔ ካለሁ ምን ይሆናል ብዬ ነው።»

ልትቆጣው ፈለገች፤ ቁጣው አልመጣም። ሰውየው ዓመት ሙሉ በደግነት ተሸክሟት ኖሯል፤ እሷ ግን በገዛ እግሯ የቆመች መስሏት ነበር። በከተማው ውስጥ ካለው አርቢ ሁሉ ሁለተኛ ዓይን ያላየለት አንድ ቤት ብቻ ነበር፤ እሱም ከሁሉም አብልጣ የምትወደው ነው። አለቃው ቢሮ ገብታ ሁሉንም ተናገረች። አለቃው በጨዋ ደንብ አዳመጣት፤ የሥራ ካፖርቷን አስረክባ ወጣች። ዘበኛው በሩን ሲከፍትላት «ደህና ዋይ ዓይናማዋ» አላት። ሰውየው ምንም አያውቅ።

ከዚያ ቀጥታ ወደ ሚጢ ሄደች። አውቶቡስ ውስጥ የምትለውን ስታዘጋጅ ነበር። ስታስበው አንድ ነገር ብቻ ቀርቷታል፤ ትሎቹ ከእንግዲህ አይድኑም፣ ስሟም አይመለስም፣ እህቷ ግን ጥፋቱ የእጇ እንዳልሆነ ካወቀች ያ ባልየው ትቶት የሄደው ቃል ከዚያ ቤት ይወጣል። ትጥላኝ፣ ደጇንም ትዝጋብኝ፣ ብቻ እጇን ትመን።

ሚጢ መሬት ላይ ተቀምጣ ሰፌድ ትፍቅ ነበር።

«ሚጢ፣ በሽታው ከእንቁላሉ ነው የመጣው። ከእኔ ነው።»

«እትዬ፣ ተይኝ።»

«ስሚኝ። ዓይኔ ሞራ ይዞታል፤ ዓመት አልፎታል። ወረቀቶችሽን ለሁለቴ ሳላሳይ ብቻዬን አሳለፍኳቸው። ያቺን የታመመችውን አላየኋትም። እጅሽ ምንም አላደረገም። ምንም!»

ሚጢ ቀና ብላ አየቻት። ከዚያ ፈገግ አለች፤ ዓይናማዋ ብትሰደብ ይሻላት ነበር።

«የእማዬን እንስራ የሰበርኩ ቀን ትዝ ይልሻል?» አለች። «የሰበርኩት እኔ ነኝ አልሽ። ተገረፍሽልኝ። ሰዓቷን የጣልኩ ቀንም እኔ ነኝ አልሽ። አሁን አርባ አራት ዓመቴ ነው እትዬ። አትገረፊልኝ።»

«ውሸቴን አይደለም!»

«አንቺ? ዓይናማዋ?» ሚጢ ሦስት ጣቷን አነሳች። «ስንት ነው?»

«ሚጢ፣ እንዲህ አይደለም—»

«ስንት ነው ስልሽ?»

«ሦስት።»

«ይኸው!»

«ጣት ነው እኮ! ጣትማ ይታየኛል! ያኛው ከጣትሽ… ሁለቴን ጠይቂው፣ እሱ ይነግርሻል።»

«ያልሽውን ይነግረኛላ። እዚያ ግቢ ለአንቺ ሲል የማይዋሽ ማን አለ?»

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ዓይናማዋ አየሁ ስትል ሰው ሁሉ አምኗታል። አንድ ቀን አላየሁም ብትል የሚያምናት ጠፋ።

ከሰዓት በኋላ ትሎቹን አቃጠሉ። ቁንዶ የገባበት ቤት ከትሉ ጋር ሰፌዱም፣ የተረፈው ቅጠልም መቃጠል አለበት። በሞቱት መሃል አንዳንዶቹ ገና በሕይወት ነበሩ፤ ራሳቸውን ቀና አድርገው እያወዛወዙ ጎጆ ሊጀምሩ ይሞክራሉ። ሰፌዱ ጠርዝ ላይ አንዱ እንደ ጉም የሳሳ ክር ዘርግቶ ነበር፤ ከዚያ ያለፈ አልሆነለትም። ሚጢ እሱን በጣቷ ልትነካው ዘረጋችና መልሳ ሰበሰበችው። ሰፌዱን ዓይናማዋ ናት እሳቱ ላይ ያደረገችው። ሁለቱም አላለቀሱም። ጎረቤት ጭሱን አይታ «ምን እየጠበሳችሁ ነው?» ብላ በአጥር ላይ ብቅ አለች፤ እሳቱ ላይ ያለውን ስታይ ተመለሰች።

እሳቱ ሲጠፋ ሚጢ ባልዲው አጠገብ ቁጢጥ አለች።

«አስታጥቢኝ» አለች።

ዓይናማዋ በጣሳ እየቀዳች ታፈስላት ጀመር። ሚጢ ታሻለች፣ ታሻለች። ውሃው መሬት ላይ ሮዝ ሆኖ ይወርድ ይሆናል፤ ዓይናማዋ አይታያትም። የምትሰማው የሚታሹትን ጣቶች ድምፅ ነው። ትሎቹ ገና ትንሽ ሳሉ ሲበሉ የነበረውን ድምፅ ይመስላል።

ሚጢ ሁለት እጆቿን ወደ እህቷ ፊት አነሳች።

«አሁንስ? ጠራ? አንቺ ዓይን ያለሽ እይልኝ።»

ዓይናማዋ ጎንበስ አለች። ሁለት የገረጡ ነገሮች ናቸው፤ በጉም ውስጥ። አይታየኝም ልትል አሰበች። ብትል ግን ሚጢ እንደ ቅድሙ፣ ይህንንም ለእኔ ስትይ ነው ትላታለች።

«ጠርቷል» አለቻት። «ከመጀመሪያውም ንጹህ ነበር።»

ሚጢ እጆቿን ወደ ዓይኗ አስጠግታ አንዴ አገላበጠቻቸው። ከዚያ መልሳ ባልዲው ላይ ዘረጋቻቸው።

«እስቲ አንድ ጊዜ ድገሚልኝ።»

ዓይናማዋ ጣሳውን ሞላች።